የግብር እፎይታው ለትርፉ ሳይሆን ለሥራው ይሁን

ለገንዘብ ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን፣
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣

ክቡራን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሀዋሳ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። ከእህቴ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመን 9 ሰው ቀጥረን እንሠራለን። ደብዳቤው ስለ ግብር ነው። ግብር አልከፍልም ለማለት ግን አልተነሳሁም። ከፍዬ ነው የምጽፈው። የምጠይቀው ለትልልቅ ኩባንያዎች የምትተዉት ግብር በእውነት ሥራ የሚያመጣ፣ የመጣውም ሥራ እንዲቆይ የሚያደርግ እንዲሆን ነው። አሁን ባለው አሠራር እፎይታው የሚሰጠው ለትርፍ ነው። ትርፍ ደግሞ እግር አለው፣ ይሄዳል። የቀጠረን ሰው፣ ያሠለጠነን ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሠራተኛውን ይዞ የቆየን ሰው ለይቶ የሚያይ ነገር የለበትም።

ከአንዲት ልጅ ልጀምር።

2014 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች በራችንን አንኳኩተው ሥራ አለ ወይ አሉን። አንደኛዋ ከወላይታ ገጠር የመጣች፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 3 ዓመት የሠራች ናት። ፋብሪካው ሥራ ቀንሶ አሰናብቷታል። መኪና ላይ አስቀመጥኳት። (የስፌት መኪናውን ነው፣ እኛ እንዲያ ነው የምንለው።) የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ሰጠኋት። ጣቶቿ አይታዩም! ጨርቁን ሳታየው ታዞረዋለች፣ ክሩን ትበጥሳለች፣ የመጀመሪያው ሳይወርድ ሁለተኛው ተነስቷል። እኔ 20 ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ኮሌታ ሰጠኋት። ዝም ብላ አየችው። «እትዬ፣ ይሄን ሠርቼ አላውቅም» አለችኝ። 3 ዓመት ሙሉ የሠራችው የግራ እጅጌ ጫፍ ብቻ ነው። ቀኙን አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች የምትሠራው።

ኮሌታ ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀባት። ኪስ፣ ዚፕ፣ የቀሚስ ሽንሽን ተከተለ። ካውያው ሲሞቅ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ መሞከርን፣ ጥቅልሉን ከመቁረጥ በፊት ማስላትን፣ ሁሉንም ለመደችው። በስድስት ወር ውስጥ ሙሉ ሰፊ ሆነች። ከዚያ ደመወዝ ጨምሪልኝ አለችኝ። ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አልወጣ አለኝ። በ8ኛ ወሯ ሄደች፤ ዐረብ አገር፣ ቤት ሠራተኛ ሆና። ያ ሁሉ እጅ አሁን የሰው ቤት ሰሃን ያጥባል።

ለምን አልወጣ እንዳለኝ በዛሬው ሕግ ላሳያችሁ። አንዲት ሠራተኛ በ5,000 ብር ብቀጥር ከደመወዟ 500 ብር የሥራ ግብር፣ 350 ብር ደግሞ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። እጇ ላይ የሚደርሰው 4,150 ብር ነው። እኔ በላዩ 11 በመቶ፣ ማለትም 550 ብር ጡረታ እጨምራለሁ። ስለዚህ ከእኔ ኪስ 5,550 ይወጣል፣ እሷ 4,150 ታገኛለች፣ መሃል ላይ 1,400 ብር አለ። ይህን አልቃወምም። ጡረታው የእሷ ነው፣ ግብሩም የአገር ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ማሳደጉም ትልቅ ነገር ነው፤ በድሮው ስሌት እዚሁ 5,000 ብር ላይ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥ ነበር። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል።

ከዚያ የማኅበራችን ግብር ይመጣል። የትርፍ 30 በመቶ። የቀረውን ስንከፋፈል ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። እሱንም ለምደነዋል። አዲሱ አዋጅ ያመጣው ዝቅተኛ አማራጭ ግብር ግን ቆም ብላችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። የሽያጭ 2.5 በመቶ ነው። እንበል በዓመት 3 ሚሊዮን ብር ሸጠን፣ ጨርቁ፣ ክሩ፣ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የ9 ሰው ደመወዝ ተከፍሎ 100 ሺህ ብር ተረፈን። በ30 በመቶው 30 ሺህ ነበር የምንከፍለው። በአዲሱ ስሌት 75 ሺህ ነው። ከ100 ሺህ ትርፍ ላይ 75 ሺህ! ይህ ሕግ ትርፉን ደብቆ ኪሳራ ነው የሚለውን ነጋዴ ለመያዝ እንደወጣ ይገባኛል፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የሚይዘው ግን ብዙ ሰው ቀጥሮ ጥቂት የሚያተርፈውንም ጭምር ነው። ልብስ ስፌት፣ ዳቦ ቤት፣ እንጨት ሥራ እንዲህ ነው፤ ሽያጩ ትልቅ ይመስላል፣ ከውስጡ ግን ብዙ ብር ለሰው እጅ ይከፈላል። አንድ ሰው ከውጭ ዕቃ አስመጥቶ መጋዘን ውስጥ ከአንድ ጥበቃ ጋር ተቀምጦ ቢሸጥና እኔ 9 ሰው ይዤ ብሰፋ፣ ሕጉ የሁለታችንንም ሽያጭ በአንድ ዓይን ያየዋል።

ከእኛ ቤት ባጃጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ይደርሳል። 2008 ሐምሌ ላይ ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር። 52 ሼዶች፣ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ፣ 9 ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ የተባለ ሥራ። በሁለት ፈረቃ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ገንዘቡ የመጣው መንግሥት በ2007 ለውጭ አበዳሪዎች ከሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው። ያ ቦንድ እስካሁን የእኛ ዕዳ ነው፤ ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን መክፈል እንዳቃተን ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ይህን የማነሳው ፓርኩ መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ሼዱም መንገዱም መብራቱም ከግብር ከፋይ ኪስ እንደወጣ ለማስታወስ ነው። ያ ሁሉ ወጥቶ ሲያበቃ፣ ለሚገባው ፋብሪካ ደግሞ እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የገቢ ግብር እፎይታ ተሰጠ። ማሽንና ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ ገባ። ሕጉ ለአገር ውስጥ ባለሀብትም ክፍት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን አብዛኛው ምርት ወደ ውጭ መላክ አለበት። እኔ የምሰፋው ለይርጋለምና ለአለታ ወንዶ ልጆች ነው።

በደህናው ጊዜ ፓርኩ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይሠራ ነበር፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገዱ በልጃገረድ ይሞላል። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ፍራሽ ተራ በተራ፣ አንዷ ከሌሊት ስትመጣ አንዷ ትነሳለች። ቤት ያከራየ፣ ሽሮ የሸጠ፣ ባጃጅ የነዳ ሁሉ ከእነሱ በልቷል። ይህን የሚክድ ሰው ሀዋሳን አያውቅም። ግን ደመወዙን ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል ያወጣው ሪፖርት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም ላይ ልብስ ለውጭ ገበያ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነው። ያኔ ደግሞ ከ600 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 10 በመቶ ግብር ነበረበት። አስቡት። እጅጌ የምትሰፋዋ ልጅ ከ750 ብሯ ላይ 15 ብር ገደማ ግብር ትከፍላለች፣ ቀጣሪዋ ከትርፉ ምንም አይከፍልም። በሕግ ነው፣ ማንም አላጭበረበረም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው በሕግ መሆኑ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ያለ ቀረጥ የሚገባው ገበያ ተዘጋ። የፓርኩ ዋና ተከራይ የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ከወር በፊት ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ሌሎችም ተከተሉ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገሬ ያለው። የግብር እፎይታው ያኔም እንዳለ ነበር። ማንም አልነካባቸውም። ግን አላስቆማቸውም። ሲመጡ ያመጣቸው ርካሽ የሰው ጉልበት፣ የተዘጋጀ ሼድና የአሜሪካ ገበያ ነበር፤ ሲሄዱም የሄዱት ገበያው ስለተዘጋ ነው። ግብሩን ብናስከፍላቸው ኖሮ አይመጡም ነበር የሚል ክርክር እሰማለሁ። አንዳንዱ ባልመጣ ይሆናል። ነገር ግን ገና ትርፍ ያላየ አዲስ ፋብሪካ የትርፍ ግብር ድሮስ የት ይከፍላል? እፎይታው በጣም የሚጠቅመው ገና ከመጀመሪያው ዓመት በደንብ የሚያተርፈውን ነው። እሱ ደግሞ ያለ እፎይታውም ይመጣ የነበረው ነው። ይህ የእኔ የሰፊ አስተያየት ብቻ አይደለም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታትና ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የሀብታም አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) በ2015 እ.ኤ.አ. ለቡድን 20 አገሮች በጋራ ባቀረቡት ጥናት፣ ድሃ አገሮች የሚሰጡት የግብር ማበረታቻ ብዙ ጊዜ ኢንቨስትመንቱን ያመጣው እሱ እንዳልሆነ፣ በተለይ ደግሞ የትርፍ ግብርን ለዓመታት ሙሉ በሙሉ መተው ደካማው መንገድ እንደሆነ ጽፈዋል።

ሌላም ነገር አለ። ትርፍ የት እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። አንድ ሸሚዝ እዚህ ይሰፋል እንበል። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል፣ ባለቤቱም እዚያ ያለው እናት ኩባንያ ነው። እዚህ ያለው ፋብሪካ የሚከፈለው የስፌት ዋጋ ብቻ ነው፤ ያንን ዋጋ የሚተምነውም ያው እናት ኩባንያ ነው። ሸሚዙ ኒውዮርክ ሱቅ ውስጥ በ60 ዶላር ቢሸጥ፣ ለስፌት ተብሎ ሀዋሳ የሚደርሰው ጥቂት ዶላር ነው። ትርፉ መንገድ ላይ ሌላ አገር ወርዷል። ስለዚህ የትርፍ ግብርን ተውንም አልተውንም፣ እዚህ የሚታየው ትርፍ ትንሽ ነው። ደመወዝን ግን ወደ ሌላ አገር ማዛወር አይቻልም። የሀዋሳ ደመወዝ የሚከፈለው ሀዋሳ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። አየርላንድ ለአፕል ባደረገችው የግብር አያያዝ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. 13 ቢሊዮን ዩሮ እንድትሰበስብ የመጨረሻ ውሳኔ ሰጥቷል። የሚገርመው አየርላንድ ራሷ ዓመታት ሙሉ የተከራከረችው ገንዘቡ አይገባኝም ብላ ነው። ኩባንያዎቹ ቢሄዱ ሥራው ይሄዳል ብላ ፈርታ። ሀብታም አገር እንዲህ ከፈራ እኛ ብንፈራ አይፈረድብንም። ግን አየርላንድ የተማረ ሰው፣ እንግሊዝኛ፣ የአውሮፓ ገበያ ነበራት። እኛ ግብሩን ብቻ ነው ያየነው።

አሜሪካንም ልጥቀስ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኩባንያ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ወረደ። የዋይት ሀውስ ኢኮኖሚስቶች የአንድ ቤተሰብ ገቢ በአማካይ በዓመት ቢያንስ 4,000 ዶላር ይጨምራል ብለው ነበር። ከዓመታት በኋላ በ2024 የወጣ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 750 ዶላር ገደማ ነው የሚሆነው አለ። ኢንቨስትመንት አልጨመረም አላሉም፣ ጨምሯል። ነገር ግን በወጣው ገንዘብ ልክ ይበልጥ የሠራው፣ ማሽን የገዛ ሰው ዋጋውን በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ከትርፉ እንዲቀንስ የፈቀደው ክፍል ነው። ማለትም አንድ ነገር ላደረገ የተሰጠው እፎይታ፣ ዝም ብሎ ላተረፈ ከተሰጠው በለጠ። በዚያው ሕግ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ነበር። የአሜሪካ ኩባንያ ውጭ አገር ካለው ፋብሪካና ማሽን ዋጋ 10 በመቶ የሚያህለው ገቢ ከአዲሱ የውጭ ትርፍ ግብር ነፃ ነበር። ውጭ ብዙ ማሽን የተከለ ኩባንያ አገሩ ላይ የሚከፍለው ቀነሰ። ሥራ ወደ አገር ቤት ይመለሳል ተብሎ የወጣ ሕግ፣ ፋብሪካን ውጭ ለተከለ የሚያደላ አንቀጽ ይዞ 8 ዓመት ኖረ። በ2025 እ.ኤ.አ. ነው ከ2026 ጀምሮ እንዲቀር የወሰኑት።

አሁን ደግሞ ጊዜው ራሱ ተለውጧል፣ እኛም ብንተኛ የሚጎዳን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ከ130 በላይ አገሮች ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ የሚበልጥ ኩባንያዎች የትም ቢሠሩ ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት፣ እንግሊዝ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለውታል። አሜሪካ ለራሷ ኩባንያዎች የተለየ መንገድ ጠይቃ የቡድን 7 አገሮች ተስማምተውላታል፤ ሌሎቹን ግን ይመለከታል። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለ ትልቅ የኮሪያ ኩባንያ እዚህ ፋብሪካ ከፍቶ እኛ ግብሩን በሙሉ ብንተውለት፣ ልዩነቱን ኮሪያ ልትሰበስበው ትችላለች። ከእኛ መሶብ ያነሳነው ወደ ሌላ ሰው መሶብ ይገባል፣ ኩባንያው ራሱ ምንም አላተረፈም። ቬትናም ይህን አይታ በ2024 መጀመሪያ የራሷን ማሟያ ግብር፣ ማለትም እስከ 15 በመቶ የጎደለውን ራሷ የምትሰበስብበትን ግብር ጀመረች። ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ። ኬንያ ከ2025 ጀምራለች። የዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር አለ፤ ኩባንያው በአገሩ ውስጥ ከሚከፍለው ደመወዝና ካለው ማሽን አንጻር የተወሰነ ገቢ ነፃ ይተዋል። እዚያም ቢሆን የሚታየው ሰውና መኪና ነው ማለት ነው።

ጎረቤትና ጎረቤት ግን አሁንም እየተሻማን ነው። ኬንያ በኤክስፖርት ዞኖቿ 10 ዓመት ትተዋለች፣ ከዚያ ለ10 ዓመት 25 በመቶ። እኛ ይህን ስናይ እንጨምራለን፣ እነሱ እኛን አይተው ይጨምራሉ። ገዢው ኩባንያ ሁላችንንም በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ ያየናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ሦስተኛው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ባወጣው ሰነድ ላይ አገሮች ስለ ግብር ማበረታቻ በአካባቢ መድረኮች ተነጋግረው ጎጂ አሠራሮችን ማስቀረት እንደሚችሉ ተጽፏል። በስማችን የተጠራ ሰነድ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ2023 ኖቬምበር የአፍሪካ አገሮች ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ 125 አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር የግብር ስምምነት እንዲረቀቅ ድምፅ ሰጥተዋል፣ 48ቱ ተቃውመዋል። ድርድሩ ላይ የእኛ ሰዎች ሲቀመጡ ከኬንያ፣ ከሩዋንዳ፣ ከኡጋንዳ ጋር «ቢያንስ ከዚህ በታች አንወርድም» ብለው ይስማሙ።

እሺ፣ ምን ይደረግ? እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ግን ደብተር እይዛለሁ፣ ሐሳቤንም በደብተሬ ላስረዳ።

ለትርፍ የሚሰጠውን እፎይታ ወደ ደመወዝ አዙሩት። አንድ ድርጅት አዲስ ሰው ቀጥሮ ዓመት ካቆየ፣ የዚያን ሰው ደመወዝ ከትርፉ ሲቀንስ አንድ ተኩል ጊዜ ቆጥሮ ይቀንስ። 5,000 ብር የምትከፈል ልጅ በዓመት 60 ሺህ ብር ናት። 90 ሺህ አድርጌ ልቀንስ። ተጨማሪው 30 ሺህ ላይ 30 በመቶው 9 ሺህ ብር ነው፤ መንግሥት ለእኔ የተወው ያንን ያህል ነው። ልጅቷ ራሷ በዓመት 6 ሺህ ብር የሥራ ግብር ትከፍላለች። ለጡረታ ከእኔም ከእሷም 10,800 ብር ይገባል። ከገበያ የምትገዛበት ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። መንግሥት ከዚህ ላይ የሚጎድለው 3 ሺህ ብር ቢሆን ነው፣ በእሱ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰፊ አገር ውስጥ ይቀራል። ካሰናበትኳት እፎይታው በማግስቱ ይቁም። ለትልቁም ለትንሹም፣ ለውጭውም ለአገሬውም እኩል ይሁን። አስመስሎ ስም የሚያስመዘግብ ሰው ይኖራል፤ የጡረታ መዋጮው መዝገብ እጃችሁ ላይ ስላለ በእሱ አመሳክሩ።

ማሽን ለገዛና ሠራተኛውን ሙሉ ሙያ ላስተማረ ደግሞ ወጪውን በዚያው ዓመት ይቀንስለት። እጅጌ ብቻ ያሰፋ ፋብሪካና ልብስ ከቅድ እስከ ካውያ ያስተማረ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ሊታዩ አይገባም። ዝቅተኛ አማራጭ ግብሩንም ሽያጩን ብቻ አትዩ፤ የተከፈለ ደመወዝ ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ በቀረው ላይ ይታሰብ። ኪሳራ እየጻፈ የሚደብቀው አያመልጥም፣ ምክንያቱም ደመወዝ ከፍያለሁ ካለ የሥራ ግብርና ጡረታ አብሮ መክፈል አለበት።

ከፓርክ ለሚወጣ ኩባንያም ሕግ ይኑር። በእፎይታው የተጠቀመ፣ ሼዱን በርካሽ የተከራየ፣ ከተስማማበት ጊዜ በፊት ጥሎ ከሄደ የተተወለትን የተወሰነ ክፍል መልሶ ይክፈል፣ ገንዘቡም ለተሰናበቱት ሠራተኞች ሥልጠና ይዋል። እንደ ጦርነትና እንደ ገበያ መዘጋት ያለ ከአቅም በላይ ነገር ሲገጥም ኩባንያውን ማነቅ ተገቢ አይደለም። ለልጆቹ ግን ያኔም የሚይዛቸው ነገር ያስፈልጋል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የግሉ ሴክተር ሠራተኛ ያንን እየጠበቀ ነው። የግብር እፎይታ የሚፈልግ ኩባንያ ቢያንስ አንድን ሰው የሚያኖር ደመወዝ ይክፈል፤ ይህ ብዙ አይመስለኝም።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ፓርኮቹ ወደ ልዩ የኢኮኖሚ ዞንነት እየተቀየሩ ነው፣ በ2016 አዋጅ ቁጥር 1322 ወጥቶላቸዋል። ስለዚህ አዲስ ውል የምትፈርሙበት ጊዜ ነው፣ ነገሩን ለማስተካከልም ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። የግብር እፎይታ የተሰጠው እያንዳንዱ ኩባንያ በየዓመቱ ስንት ብር ግብር እንደተተወለት፣ ስንት ሰው እንደቀጠረ፣ ስንቱ ሴት እንደሆነ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነና ዓመቱ ሲያልቅ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ በስሙ በይፋ ይውጣ። የእኔ 9 ሠራተኞች ስም በጡረታ መዝገብ ላይ አለ፣ የእነሱም ይኑር። ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚሸጡ ኩባንያዎች ላይ የምንተወው ግብር ወደየትኛው አገር እንደሚገባ አስልታችሁ ንገሩን፣ ማሟያ ግብሩን በተመለከተም ያላችሁን ዕቅድ። ቋሚ ኮሚቴው ደግሞ ሰኔ ላይ በጀቱ ሲቀርብ የተተወውን ግብር እንደ ወጪ ቆጥሮ ይጠይቅበት። ለመንገድ የወጣ ብር ከታየ፣ ለኩባንያ የተተወ ብርም መታየት አለበት።

ዐረብ አገር የሄደችው ልጅ አንዳንዴ በዋትስአፕ ትደውላለች። ባለፈው የአሠሪዋን ልጅ የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዙን አሳጥራ በመርፌ እንደሰፋችላት ፎቶ ላከችልኝ። በደንብ ነው የሰፋችው። ከዚያ ስንት ትከፍያለሽ አሁን፣ ብመጣ ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። የማኅበራችንን የዓመት ሒሳብ የምናስገባው እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ከዚያ በፊት ከእናንተ አንድ ነገር ከሰማሁ ቁጥር ይዤ እደውልላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሀዋሳ፣ የዩኒፎርም ሰፊና ግብር ከፋይ